ጓሮዬ ኩሬ ውስጥ እንቁራሪቶች ገቡ፤ የክረምት ማታዬ ተለወጠ

የኮተቤዋ | ሐምሌ 6

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ የምናወራው ስለ ጽጌረዳና ስለ ጎመን ነው። እኔ ዛሬ ስለ ውሃ ላወራችሁ ነው።

ቤታችን ኮተቤ ነው። ጓሮው ጥግ ላይ ድሮ ሮቶ የተቀመጠበት ቦታ ነበር። ሮቶው ሲነሳ መሬቱ ጎድጉዶ ቀረ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ያቁራል። አምና ግንቦት ላይ ባለቤቴ በሲሚንቶ ልድፈነው ሲል ተው፣ ለእኔ ስጠኝ አልኩት። ርዝመቱን 2 ሜትር፣ ወርዱን አንድ ተኩል አድርገን አሰፋነው። መሃሉ 60 ሳንቲ ሜትር ይጠልቃል። አንዱ ጎን ግን እንደ ሰሃን ከዳር ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ከሥር አሮጌ ጆንያ አነጠፍን፤ በላዩ ወፍራም ፕላስቲክ፤ ዳር ዳሩን በድንጋይ ያዝነው። ውሃው ከጣራ በአሸንዳ የሚወርድ ዝናብ ነው።

ቀጤማ ተከልኩበት። ለበዓል ቀጤማ የምታመጣልኝን ሴትዮ ከነሥሩ አምጪልኝ ስላት ገርሟት ነበር፤ ግን አመጣችልኝ። ከጎኑ ሁለት ጎደሬ አስቀመጥኩ። እርጥብ ስለሚወድ ቅጠሉ ዘንድሮ ትሪ አክሏል። ጠዋት ጠዋት የዝናብ ጠብታ ቅጠሉ ላይ እንደ ሜርኩሪ ሲንከባለል ማየት ብቻውን ደስ ይላል።

አምና ምንም አልመጣም። ዘንድሮ ሰኔ 28 ሌሊት ያን ከባድ ዝናብ ዘነበ። በማግስቱ ማታ ቡና እያፈላሁ ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ዘይት ያጣ በር መሰለኝ። ባትሪ ይዤ ስወጣ ዝም አለ። ባትሪውን አጥፍቼ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጀመረ። ቀስ ብዬ ስልኬን ሳበራ ቀጤማው ሥር፣ ግማሽ አካሏ ውሃ ውስጥ፣ ከአውራ ጣቴ ብዙም የማትበልጥ እንቁራሪት ተቀምጣለች። አፍንጫዋ ሾል ያለ ነው። ጀርባዋ ላይ ከአፍንጫዋ እስከ መቀመጫዋ ነጣ ያለ ቀጭን መስመር አላት። በጮኸች ቁጥር ከመንጋጋዋ ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ከረጢቶች ይነፋሉ፣ ይሟሽሻሉ። ውሃው ዙሪያዋን ይርገበገባል። ቡናው ገንፍሎ ጀበናው እስኪጮህ እዚያው ቀረሁ።

ሐምሌ 3 ደግሞ እንቁላል አየሁ። አንዱ ውሃ ውስጥ እንደ ራሰ ተልባ ሙልጭልጭ ያለ፣ ጥቁር ጥቁር ነጥብ ያለበት ነው። ሌላው የቀጤማው እግር ላይ የተጠመጠመ ረጅም ክር ነው፤ ልክ ጥቁር ጨሌ እንደተሰካበት የአንገት ጌጥ።

ጥያቄዎቼ እነዚህ ናቸው። ምን ምን ናቸው? ሌላ ምን ተክል ልጨምር? ጎረቤቶቼ ቢምቢ ታራቢያለሽ እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?

---

ሙሌ ገርጂ | ሐምሌ 6

እህቴ፣ እውነቱን ለመናገር እኔም ከጎረቤቶችሽ ጋር ነኝ። የቆመ ውሃ ባለበት ቢምቢ አለ። እኛ ቤት ሁለት የቀለም ባልዲ ረስተን ዝናብ ሞልቷቸው ሳምንት ሳይቆይ በትል ተሞሉ። ኩሬው ያምራል፤ ግን የቢምቢውን ነገር በደንብ አስቢበት።

---

የኮተቤዋ | ሐምሌ 7

ሙሌ፣ ልክ ነህ፣ ስለዚህ ትላንት በነጭ ሰሃን ውሃ እየቀዳሁ አየሁ። ከኩሬው አምስት ጊዜ ቀድቼ የቢምቢ እጭ ያገኘሁት አንድ ብቻ ነው። በር ላይ ከተቀመጠው የአበባ ማሰሮ ሥር ካለችው ሰሃን ግን አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ሰሃኗን ደፋኋት።

---

ባዮሎጂ አስተማሪ | ሐምሌ 7

የኮተቤዋ፣ ያየሽውን እንዲህ አድርገሽ ስለጻፍሽ ሥራዬን አቅልለሽልኛል።

መስመር ያላት፣ አፍንጫዋ ሾል ያለ፣ በግራና በቀኝ ከረጢት የምትነፋው ፕቲካዴና ከሚባለው ወገን ናት። የሣር እንቁራሪት ልንላት እንችላለን። እግሯ ረጅም ነው፤ ስትደነግጥ በአንድ ዝላይ ከዓይን ትሰወራለች። የአገራችን ደጋ ሌላ የትም የማይገኙ የዚህ ወገን ዝርያዎች አሉት። አንዳንዶቹ መልካቸው በጣም ስለሚቀራረብ የተለዩት በድምፃቸውና በዘረመላቸው ነው። ይህ ሁሉ ዓይነት የተፈጠረው ከፍታውና ስምጥ ሸለቆው ስለለያያቸው ነው። በአንድ በኩል ያለችው እንቁራሪት ቆላውን አቋርጣ ወደ ሌላው ደጋ መሄድ አትችልም፤ በረጅም ዘመን ሁለቱ ተለያይተው ቀሩ።

አንድ ነገር ላርም፦ የምትጮኸው እሷ ሳትሆን እሱ ነው። የሚጣራው ወንዱ ነው። ሴቷ ድምፁን ሰምታ ትመጣለች።

የጨሌው ክር የጉርጥ ነው። ጉርጥ እንቁላሏን በክር ነው የምትጥለው። እንደ ተልባ ያለው የእንቁራሪት ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት እንግዳ አለሽ። ጉርጧን ያላየሻት ቀን ቀን ድንጋይ ሥር ስለምትተኛ ይሆናል። ቆዳዋ ሻካራና ደረቅ ነው፤ እግሯ አጭር፤ ከመዝለል ይልቅ ትራመዳለች። ከዓይኗ ኋላ ያበጡ ሁለት እጢዎች አሉ፤ መርዝ የሚያመነጩት እነሱ ናቸው። ውሻ ካላችሁ እንዳይነክሳት ጠብቁት፤ አፉ አረፋ በአረፋ ይሆናል። ሰው በእጁ ቢነካት ምንም አይሆንም፤ እጁን ይታጠብ ብቻ። ጉርጥ የነካ እጁ ኪንታሮት ያወጣል የሚሉትን አትስሚ። የእጅ ኪንታሮት የሚመጣው በቫይረስ ነው።

ስለ ቢምቢ ሙሌ ያነሳው ትክክለኛ ስጋት ነው። ግን ባልዲና ኩሬ አንድ አይደሉም። ባልዲ ውስጥ የቢምቢን እጭ የሚበላ የለም። ኩሬ ውስጥ የውሃ ጥንዚዛ ይገባል፣ የውሃ ተርብ እንቁላሏን ትጥላለች። የውሃ ተርብ እጭ ኃይለኛ አዳኝ ነው። አምና እነዚህ አዳኞች አልነበሩ ይሆናል፤ ዘንድሮ ግን ኩሬሽ ሕይወት ዘርቷል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች የወባ ጉዳይ እንደ ቆላው አያሰጋም። ቆላ የምትኖሩ ግን ይህን ምክር ለራሳችሁ አትውሰዱት።

ዓሣ እንዳትጨምሪ። ቆሮሶም ቢሆን ትንንሾቹ ጌጠኛ ዓሣዎችም እንቁላሉንና እጩን ለቅመው ይጨርሱታል።

---

እናት የሦስት | ሐምሌ 8

ስለ እንቁራሪት ብዙ አላውቅም፤ ግን ልጆች ስላሉኝ ይህን ሳልል ማለፍ አልቻልኩም። የኮተቤዋ፣ ግቢሽ ውስጥ ትንንሽ ልጆች ይገባሉ? 60 ሳንቲ ሜትር ለሁለት ዓመት ልጅ ጥልቅ ነው። ገና መቆም የጀመረ ሕፃን በግንባሩ ከወደቀ ከዚያ በጣም ያነሰ ውሃም ይወስደዋል። ድምፅ እንኳ አያሰማም።

እኛ አሮጌ የውሃ ገንዳ ነበረን። ባለቤቴ ብየዳ ቤት ሄዶ ከፌሮ ፍርግርግ አሠራ። ቀዳዳው የልጅ እግር አያስገባም፤ ከውሃው በላይ ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ ይቀመጣል። የልጅ ክብደት ይችላል። የአንቺ እንቁራሪቶች ደግሞ በዚያ ቀዳዳ እንደልባቸው ይወጣሉ ይገባሉ ብዬ አስባለሁ። አሠሪው፣ እህቴ።

---

የኮተቤዋ | ሐምሌ 8

እግዚአብሔር ይስጥልኝ እናቴ። የጎረቤት ልጅ ይመጣል፣ አራት ዓመቱ ነው። ፍርግርጉን ነገውኑ አዝዛለሁ። እስኪደርስ የጓሮው በር ይቆለፋል።

---

ዓባይ ማዶ | ሐምሌ 9

ከባሕር ዳር ነኝ። ስለ ተክሉ እኔ ልመልስ።

ቀጤማሽ ጥሩ ነው። ሥሩ ጭቃውን ይይዛል፣ ግንዱ ለእንቁላል መጠምጠሚያ ይሆናል። ደንገል አትትከዪ፤ እኛ ጣና ዳር ታንኳ የሚሠራበት ነው፣ ከሰው ቁመት በእጥፍ ይረዝማል፣ በሁለት ዓመት ኩሬሽን ይውጠዋል። ፊላም እንደዚያው ነው። ሥሩ ፕላስቲክሽን ይበሳዋል። የምትወጂው ከሆነ በባልዲ ውስጥ ተክለሽ ባልዲውን ውሃ ውስጥ አስቀምጪው። የውሃ አበባ ብታገኚ አንዱ ይበቃል። ቅጠሉ ውሃው ላይ ተንጣልሎ ጥላ ይሆናል፤ ጥላ ባለበት አረንጓዴው ዝቃጭ ይቀንሳል፤ እንቁራሪቷም ቅጠሉ ላይ ትቀመጥልሻለች።

አሁን ዋናው ነገር። ሰው እምቦጭ ቢሰጥሽ አትቀበዪ። አበባው ወይን ጠጅ ነው፣ በጣም ያምራል፤ በውበቱ ነው ዓለምን የዞረው። አገራችን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1965 ቆቃ ላይ ታየ፤ ጣና ላይ በ2011። ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁላችሁም በዜና አይታችኋል፤ እኔ በጀልባ ስሄድ ነው ያየሁት። ሞተሩ ተያዘና ቆምን። ዙሪያችን ምንጣፍ ነው። በእጄ አንዷን ስስባት ሌሎች አራት ተከትለው መጡ፤ ከሥር በቀጭን ግንድ ተያይዘዋል። ሙቀት ባለበት በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ይቆያል። ከግቢ ኩሬ በጎርፍ ወጥቶ ወንዝ ለመግባት አንድ ክረምት ይበቃዋል። የኮተቤ ጎርፍ ደግሞ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ፤ አቃቂ ነው፣ ከዚያ አዋሽ ነው።

ስለ ወባ መምህሩ ያሉት ትክክል ነው። እኔ እዚህ ቤቴ አጠገብ ኩሬ አልቆፍርም። እኛ ዘንድ ወባ አለ። ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ሄጄ እሰማለሁ፤ እሱ ይበቃኛል።

---

ጋሽ ቀበና | ሐምሌ 11

ልጆቼ፣ ስታወሩ ደስ ብሎኝ ነው የገባሁት። እኔ ያደግኩት ቀበና ወንዝ አፋፍ ላይ ነው። በእኛ ጊዜ ወንዙ ዳር ጨፌ ነበር። እግርህን ስታስቀምጥ ውሃው ጣቶችህ መሃል የሚመጣ ዓይነት። ሐምሌ ላይ ማታ እናቴ በሩን ስትዘጋ ድምፁ ባንድ ጊዜ ይቀንስ ነበር፣ ስትከፍተው ይገባል። እኛ ያለ እነሱ ድምፅ የሚተኛ ሰው መኖሩን አናውቅም። አሁን በዚያው ቦታ የምሰማው የመኪና ድምፅ ነው።

ደግሞ ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ዛሬ ሁሉንም እንቁራሪት ይሏታል። መጽሐፍ ቅዱሳችን በዘጸአት ምዕራፍ 8 የግብፅን መቅሠፍት ሲናገር ጓጉንቸር ነው የሚለው። አያቴ ያን ትልቁንና ድምፁ ወፍራም የሆነውን ጓጉንቸር፣ ትንሿን እንቁራሪት፣ ሻካራዋን ጉርጥ ይሉ ነበር። ኦሮምኛ ተናጋሪ ጎረቤቶቻችን ራቻ ይሏታል፤ ይህ ደግሞ ድምፁ ራሱ ይመስለኛል። ለልጆቻችሁ ሦስቱንም ስም ንገሯቸው። ቃሉ ከጠፋ ልጁ ሦስት ነገር አይቶ አንድ ነው ይላል።

---

ባዮሎጂ አስተማሪ | ሐምሌ 11

ጋሽ ቀበና፣ ዕድሜ ይስጥልን። ነገ ክፍል ውስጥ የምነግራቸው ይህንን ነው።

ለእርስዎ ደስ የሚል አንድ ነገር ልጨምር። በደጋችን ሌፕቶፔሊስ ግራሚኒየስ የምትባል እንቁራሪት አለች። አብዛኞቹ ወገኖቿ ዛፍ ላይ የሚኖሩ ናቸው። እሷ ግን ዛፍ አትወጣም። መሬት ቆፍራ ጭቃ ውስጥ ትገባለች፣ ከዚያ ሆና ትጣራለች። ተማሪዎች ይዤ ስወጣ ድምፁን ሰምተን ሣሩን ብናገላብጥ ብናገላብጥ አጣን። በኋላ አንዱ ልጅ ተንበርክኮ ጆሮውን መሬት ላይ ደፋ። «ከሥራችን ነው የምትጮኸው» አለ። በጣታችን ጭቃውን ገለጥ ስናደርግ አረንጓዴ ጀርባ ታየን። መልሰን ከደንናት።

---

የሌሊት ሹፌር | ሐምሌ 14

ሁላችሁም በደስታ ነው የምትጽፉት። እኔ በሌላ በኩል ያለሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ሐሳቤን ብትሰሙኝ።

የማሽከረክረው ሌሊት ነው። የምተኛው ከቀኑ አሥር እስከ ማታ አራት ሰዓት ነው። ከቤቴ ጀርባ ያልተሠራ ቦታ ላይ ውሃ ቋጥሮ በመቶ የሚቆጠር እንቁራሪት አለ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሲሆን ይጀምራሉ። ዝናብ የጣለ ቀንማ አይጠየቅም። ትራስ ጭንቅላቴ ላይ አድርጌ ነው የምተኛው። እንቅልፍ ያጣ ሹፌር መንገድ ላይ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። የኮተቤዋ፣ ጎረቤትሽ ምን ሥራ እንደሚሠራ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

---

የኮተቤዋ | ሐምሌ 15

ወንድሜ፣ አልጠየቅኩም ነበር። ያንተን ካነበብኩ በኋላ ትላንት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ከግድግዳው ማዶ ያሉት ሴትዮ ነርስ ናቸው፤ በሳምንት ሁለት ቀን የማታ ተረኛ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አመሻሹ ላይ ይተኛሉ። ለካ መኝታ ቤታቸው በእኔ ኩሬ በኩል ነው። አንድም ቀን ምንም አላሉኝም።

ተነጋገርን። በሁለቱ ቀናት እስኪነሱ በሌላኛው ክፍል እተኛለሁ አሉ። እኔ ደግሞ በግድግዳው በኩል ቀርከሃ እደረድራለሁ፣ ድምፁን ትንሽ ይይዘዋል። ኩሬው ላይ መብራት ላድርግ ያልኩትንም ተውኩት፤ መብራት ነፍሳት ይሰበስብና እንቁራሪቶቹን ወደዚያው ግድግዳ ይጠራቸዋል። ያልጠበቅኩት ግን ሌላ ነው። «እስኪ አሳዪኝ» ብለው ማታውኑ መጡ። ነጠላቸውን ተከናንበው ድንጋዩ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጡ።

ላንተ ምን እንደምልህ አላውቅም። መቶ እንቁራሪት ከአንድ ኩሬ ጋር አይወዳደርም። የጆሮ መድፈኛ ሞክረሃል? ፋርማሲ አለ፣ ስፖንጅ መሳዩ።

---

ሲልቨር ስፕሪንግ | ሐምሌ 17

ከሜሪላንድ። እዚህ አዳዲስ ሰፈሮች ሲሠሩ የጎርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ ኩሬ አብረው ይቆፍራሉ። የእኛም አፓርታማ ጀርባ አለ። ዙሪያው በፊላ የተከበበ ነው፤ ልክ እንደ አገራችን ፊላ፣ ጫፉ ላይ ያ ቡናማ ዘንግ ያለው።

መጋቢት ላይ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙ የማትበልጥ እንቁራሪት ትጀምራለች፤ ድምፅዋ እንደ ፉጨት ነው። አሁን በሐምሌ ሙቀት ደግሞ ሌሎች ናቸው። አንዷ ድምፅዋ የላላ የክራር ጅማት በጣት ሲመታ ነው፤ ደን ብላ ዝም። ትልቋ የበሬ እንቁራሪት የምትባለው ናት፤ ከስሟ እንደምትገምቱት ታገሳለች። የእሷ ልጆች ጭራቸውን ሳይጥሉ ክረምቱን በሙሉ ከበረዶው ሥር ያሳልፋሉ።

እናቴ ባለፈው ዓመት ከጎንደር መጥታ ነበር። እዚህ ብዙ ነገር አልጣማትም፤ ቀኑ ረዘመባት፣ ሙቀቱ ከበዳት። አንድ ማታ ኩሬው ዳር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኳት። ዝም ብላ ሰማች። ከዚያ ሰማዩን አይታ «ክረምት ገባ እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ በየማታው ራሷ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር።

---

ከሐደራ | ሐምሌ 19

ከእስራኤል ነኝ። የሲልቨር ስፕሪንግን ሳነብ ዓይኔ እንባ ሞላ። እዚህ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ዝናቡ የሚዘንበው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው። ኩሬዎቹ ያኔ ይሞላሉ፣ እንቁራሪቶቹም ያኔ ይጮኻሉ። አሁን ሐምሌ ላይ ብዙዎቹ ኩሬዎች የተሰነጠቀ ጭቃ ናቸው።

አንድ ታሪክ ግን ላካፍላችሁ። በሰሜን ሁላ የሚባል ሐይቅና ረግረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻና ወባን ለማጥፋት ብለው አደረቁት። እዚያ ብቻ የምትኖር አንዲት እንቁራሪት ነበረች፤ ጠፋች። በ1996 ጨርሳ ጠፍታለች ተብሎ ተመዘገበ። ከረግረጉ ትንሽ ክፍል ላይ ውሃው ተመልሶ ተጠብቆ ነበር። በ2011 እዚያ አንዲት ተገኘች። ከዚያ ሌሎችም ተገኙ። በሕይወት ነበሩ። ልጄ ይህን በትምህርት ቤት ተምሮ መጥቶ ሲነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኩት።

---

የኮተቤዋ | ነሐሴ 9

መጥፎ ዜና ይዤ መጣሁ።

እንቁላሎቹ ተፈልፍለው ነበር። ጥቁር፣ ጭራ ብቻ የሚመስሉ፣ ድንጋዩን ሲልሱ የሚውሉ። በስንት ጉጉት ነበር የማያቸው። ትላንት ፀሐይ ስትወጣልኝ ብርድ ልብስ አጠብኩ። የሳሙናውን ውሃ እንደ ሁልጊዜው ጓሮ ደፋሁት። መሬቱ በዝናብ ስለጠገበ አልዋጠውም፤ እየተንሸራተተ ኩሬ ገባ። አላየሁትም። ማታ ስወጣ ብዙዎቹ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። እስከ መቶ ለቀምኩ። አሁንም የሚንቀሳቀሱ አሉ። መምህር፣ ምን ላድርግ?

---

ባዮሎጂ አስተማሪ | ነሐሴ 9

አሁኑኑ ግማሹን ውሃ በጆግ ቅጂና አውጪ። ወንፊት ተጠቀሚ፣ የተረፉትን እንዳታወጪ። የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ካለሽ እሱን ቀስ እያልሽ ጨምሪ። ነገም ድገሚው። የቧንቧ ውሃ ወዲያው አትጨምሪ፤ ክሎሪኑ ሌላ ጉዳት ነው። በሰፊ ሳፋ ክፍት አድርገሽ ሁለት ቀን ይቀመጥ፣ ከዚያ ይሆናል።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ልንገርሽ። ውሃ ውስጥ ያሉት ልጆች የሚተነፍሱት በስንጥብና በቆዳቸው ነው፤ ሳሙናው ያን ስስ ቆዳ ይጎዳዋል። ትልቋም ብትሆን በአፏ ውሃ አትጠጣም። በሆዷ ቆዳ ነው የምትመጠው። ውሃው ውስጥ ያለው ሁሉ በቀጥታ ወደ ውስጧ ይገባል። ፀረ ተባይም፣ ቀለምም፣ የመኪና ዘይትም እንደዚያው። የተረፉት ይበቃሉ። አንዲት ጉርጥ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል የምትጥለው አብዛኛው ስለማይደርስ ነው።

---

የኮተቤዋ | ነሐሴ 14

የሳሙናው ውሃ በገባበት በኩል በጭቃና በድንጋይ ትንሽ ክትር ሠራሁ፤ ከእንግዲህ ጎርፉ ዞሮ ነው የሚሄደው። ውሃውን ሦስት ቀን ቀያየርኩ። ከዚያ ወዲህ የሞተ የለም።

ነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ ለቡሄ መጡ። በር ላይ ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሲጨፍሩ ኩሬው ጸጥ አለ። ሙልሙሉን ሰጥቻቸው በሩን ስዘጋ፣ ድምፃቸው ገና ከመንገዱ ሳይጠፋ አንዱ እንቁራሪት ጀመረ። ከዚያ ሌላው ተቀበለው።

---

ሙሌ ገርጂ | ነሐሴ 20

የኮተቤዋ፣ እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ባልዲዎቹን ደፋሁ። ከዚያ የተሰበረ የልብስ ሳፋ እስከ አፉ መሬት ውስጥ ቀበርኩ፤ ውሃ፣ ድንጋይ፣ አንድ እግር ቀጤማ። የውሃ ተርብ መጣች፤ ቀይ ናት፤ በጅራቷ ውሃውን ነካ ነካ እያደረገች ሄደች። እንቁራሪት የለም። ከወንዝ አንድ ሁለት ይዤ ላምጣ ወይ?

---

ባዮሎጂ አስተማሪ | ነሐሴ 20

አታምጣ፣ ወንድሜ። በዓለም ዙሪያ እንቁራሪቶችን እየፈጀ ያለ የቆዳ ፈንገስ አለ። ሰው እንስሳውንና ውሃውን ከቦታ ቦታ ሲያዘዋውር አብሮ ይሄዳል። በቅርብህ ካሉ ራሳቸው ይመጣሉ። ዝናብ በጣለ ሌሊት ነው የሚጓዙት። ከሳፋው ውስጥ እስከ አፉ የሚደርስ ዘመም ያለ ድንጋይ አስቀምጥላቸው፤ የገባ መውጣት ካልቻለ ይሰምጣል። የኮተቤዋም አንድ ዓመት ጠብቃለች።

---

የኮተቤዋ | መስከረም 9

እንኳን አደረሳችሁ።

መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የኋላ እግር አወጡ፤ እንደ ቀጭን ክር። ከዚያ በአንድ ሌሊት የፊቱ። ከዚያ ጭራቸው በየቀኑ እያጠረ ሄደ። በዚያ ጊዜ ምንም አይበሉም፤ የራሳቸውን ጭራ ነው እንደ ስንቅ የሚጠቀሙት ብሎኛል መምህሩ በውስጥ መስመር። ዛሬ ጠዋት ዘመም ባለው ዳር ላይ ሰባት ተቀምጠዋል። ጉርጦቹ ሽምብራ ያህላሉ። አንዷ ገና የጭራ ቁራጭ ከኋላዋ አላት። ትንሽ ዝንብ አጠገቧ አረፈች። ምላሷን አላየሁትም፤ ዝንቧ ግን የለችም። ስትውጥ ዓይኖቿን ወደ ውስጥ ጨፈነች፤ ለካ ዓይናቸው ራሱ ምግቡን ወደ ታች ይገፋል።

የጎረቤቴ ልጅ ፍርግርጉ ዳር ተንበርክኮ ይቆጥራል። እስከ ሃያ ነው የሚያውቀው፤ ከዚያ እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ነርሷ ሴትዮ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ሆነው «ስንት ደረሱ?» ይሉታል።

ባለቤቴ ለመስቀል ሣሩን ሊያጭድ ማጭዱን ስሎ ነበር። ከኩሬው እስከ አጥሩ ያለችው ቁራጭ አደይ አበባ ፈንድቶባታል፣ ሣሩም እርጥብ ነው፣ የሚሄዱት ወደዚያ ነው። እስከ ጥቅምት ድረስ ተውልኝ አልኩት። ማጭዱን ግድግዳው ላይ መልሶ ሰቀለው።